ከአሮጌ ኮርስ ሳይክል የክሮኖ ፊክስድ ጊር መስራት፣ ከዛ ሰንዳፋ መንገድ ላይ መንዳት

ፊክስድ ጊር ማለት ያው ፍሪዊል (ፔዳሉ ቆሞ ጎማው ብቻውን እንዲዞር ሚያደርገው ነገር) የሌለው ሳይክል ነው። የኋላ ጎማው ከዞረ ፔዳሉም አብሮ ይዞራል፣ እግር ማሳረፍ ሚባል ነገር የለም፣ ቁልቁለትም ኩርባም ላይ ትረግጣላችሁ፣ ውሻ ሲያባርራችሁማ ሳትፈልጉም ትረግጣላችሁ። ክሮኖ ደሞ የማንንም ጎማ ሳትከተሉ ብቻችሁን ከሰዓት ጋር ምትነዱት ነው። እዚ ምጽፈው አንድ አሮጌ የብረት ኮርስ (የጎዳና ውድድር ሳይክል) አንስታችሁ ሁለቱን እንዴት እንደምታገናኙ ነው። አብዛኛው ስራ በ15 ቁጥር ቁልፍ፣ በብሩጎላ፣ በመዶሻና ሰፈራችሁ ባለው ቶርኖ ቤት ያልቃል።

መጀመሪያ ሁለት ነገር ልበል። አንደኛ፣ በዓለም አቀፉ የብስክሌት ማህበር ህግ የጎዳና ውድድር ላይ ፊክስድ ጥርስ ክልክል ነው፣ ሁለቱም ጎማ ላይ ሚሰራ ፍሬን ያስፈልጋል ይላል፣ ስለዚ ፌዴሬሽን በሚያዘጋጀው ክሮኖ በዚ ሳይክል እሰለፋለሁ ብላችሁ እንዳታስቡ። እንግሊዞች ጋር የክለብ ክሮኖን በፊክስድ መንዳት የቆየ ልማድ ነው፣ ጊሩን 72 ኢንች ላይ (የፊት ጥርስ ለኋላ ጥርስ ተካፍሎ በጎማው ዲያሜትር በኢንች ሲባዛ) ገድበው ሚወዳደሩበት ሁሉ አለ። እኛ ጋር ግን ለልምምድ፣ ከጓደኛ ጋር ለመፎካከርና ለደስታ ነው። ሁለተኛ፣ ፊክስድ በራሱ ያፈጥናል ሚሏችሁን አትስሙ። አዲስ አበባ ዙሪያ ዳገትና ቁልቁለት ነው፣ ጊር ያለው ሳይክል ብዙ ቦታ ይበልጠዋል። ፊክስዱ ሚያምርበት ሜዳ ላይ ነው፣ እሱም ጥርሱን በትክክል ከመረጣችሁ። ዋናው ነገር ጥርስ (ካቴናው ሚሄድበት የፊትና የኋላ ክብ ብረት) ነው፣ ፍሬሙም መሪውም ከዛ በኋላ ነው ሚመጣው።

1. ፍሬም

ምትፈልጉት የብረት ፍሬም ነው፣ የኋላ ጎማ ሚገባበት ስንጥቅ ደሞ አግድም የተኛ መሆን አለበት። ምክንያቱም ካቴና ሚወጥር ዲሬይለር (ጊር ቀያሪው) ስለማይኖር ምትወጥሩት ጎማውን ወደ ኋላ በመሳብ ነው። ስንጥቁ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ከሆነ ጎማው ሚሄድበት ቦታ የለውም፣ የአሁን አሉሚኒየም ኮርሶችና ማውንቴኖች ደሞ አብዛኞቹ እንደዛ ናቸው፣ እለፏቸው። በፈረንጆች ሰባዎቹና ሰማንያዎቹ የተሰሩት ናቸው ሚሆኑላችሁ። ምናለሽ ተራ ዞር ዞር በሉ፣ የሰፈር ሳይክል ሰሪዎች ጣራ ላይ የጣሉትንም ጠይቁ፣ የሰው ሰርቪስ ቤት ውስጥ አቧራ የጠጣ አለ። አገራችን ኮርስ ሳይክል የገባው ትናንት አይደለም፣ እነ ገረመው ደንቦባ በፈረንጆች 1956 ሜልቦርን ኦሎምፒክ ላይ ነድተዋል፣ ስለዚ ትዕግስት ካላችሁ ይገኛል።

ስትገዙ ቀለሙን አትዩ። መሪው ሚገባበት አጭር ቱቦ ስር፣ ከሱ ወደ ታች ሚወርደው ቱቦ ሆድ ላይ ጣታችሁን ሳብ ሳብ አድርጉ፣ እንደ ተሸበሸበ ነገር ከነካችሁ ከፊት ተጋጭቷል ማለት ነው፣ ሻጩ ምንም ቢል አስቀምጡት። ከዛ ሲባጎ ውሰዱ። አንዱን ጫፍ የኋላው የግራ ስንጥቅ ላይ እሰሩ፣ በፊት ባለው አጭር ቱቦ ዙሪያ አዙራችሁ መልሳችሁ የቀኝ ስንጥቅ ላይ ወጥራችሁ እሰሩ። አሁን ሲባጎው የኮርቻውን ቱቦ በግራም በቀኝም በኩል ያልፋል፣ ከቱቦው እስከ ሲባጎው ያለውን በሁለቱም በኩል በማስመሪያ ለኩ። እኩል ከሆነ ፍሬሙ ቀጥ ነው፣ አንድ ሚሊ ልዩነት ምንም አይደለም፣ አራት አምስት ሚሊ ከሆነ ግን ጎማችሁ ሁሌ ወደ አንድ ወገን ይጎትታችኋል።

የኋላ ስፋቱንም ለኩ። የድሮ ኮርሶች ብዙ ጊዜ 126 ሚሊ ናቸው፣ የፊክስድ ሞዞ (የጎማው መሀል፣ ራጂዎቹ ሚታሰሩበት) ደሞ 120 ነው። 6 ሚሊ ነው ልዩነቱ፣ አክሱ ከበቃ በሁለቱም በኩል 3 ሚሊ ሮንዴላ ጨምሩና ጨረሳችሁ። ፍሬም ማጠፍ ምናምን አያስፈልግም።

2. የኋላ ሞዞ

እዚ ጋር ነው ሰው ገንዘብ ለመቆጠብ ብሎ ጥርሱን ሚያረግፈው (የአፉን ማለቴ ነው)።

ትክክለኛው የፊክስድ ሞዞ ሁለት ደረጃ ፊሌቶ (እንደ ብሎን ያለ ጥምዝ) አለው። ሰፊው ላይ ጥርሱ በቀኝ ፊሌቶ ይገባል፣ ጠበብ ያለው ላይ ሎክሪንግ ሚሉት ቀለበት በግራ ፊሌቶ ይገባል፣ ማለትም ሚጠብቀው ወደ ተቃራኒው ነው። ለምን ተቃራኒ ሆነ ካላችሁ፣ ለማቆም ፔዳሉን ወደ ኋላ ስትገፉ ጥርሱ መፈታት ይፈልጋል፣ ሊፈታ ሲዞር ግን ሎክሪንጉን ይዞት ይዞርና በዛው ያጠብቀዋል። ምስጢሩ ይሄ ብቻ ነው። ይሄን ሞዞ ብዙ ጊዜ ከውጭ ሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ ነው ምታገኙት፣ ስታስመጡ የራጂ ቀዳዳው ቁጥር ከቸርኬያችሁ ጋር አንድ መሆኑን ንገሩት፣ 32 ከሆነ 32፣ 36 ከሆነ 36። ጥርሱንና ሎክሪንጉንም አብሮ እንዲያመጣ፣ እነሱን ረስቶ ሞዞ ብቻ ሚያመጣ ሰው አይጠፋም።

ሁለተኛው መንገድ የማውንቴን ዲስክ ፍሬን ሞዞ ነው። ዲስኩ በ6 ብሎን ሚታሰርበት አይነት ከሆነ፣ ዲስኩን አውጥታችሁ በሱ ቦታ ጥርስ ታስራላችሁ፣ ከዛ ጎማውን ገልብጣችሁ የዲስኩ ጎን በካቴናው በኩል እንዲሆን ታደርጋላችሁ። ብሎኖቹ ሚዞሩበት ክብ 44 ሚሊ ዲያሜትር ነው፣ ብሎኑ 5 ሚሊ፣ ጎበዝ ቶርኖ ቤት ካገኛችሁ ከጥሩ ብረት ይሰራላችኋል። ጥርሱ ራሱ ፊሌቶ ስለሌለው ወደ ኋላ ስትገፉ ተፈቶ አይወጣም፣ በዚ በኩል እንዲያውም ከትክክለኛውም ይበልጣል። ችግሩ ይሄ ሞዞ 135 ሚሊ ስለሆነ ኮርስ ፍሬም ውስጥ አይገባም፣ አግድም ስንጥቅ ያለው የድሮ ማውንቴን ወይም የከተማ ሳይክል ያስፈልጋችኋል። መልኩ ክሮኖ አይመስልም፣ ግን ይሄዳል። ቶርኖ ቤት ሲባል ፊታችሁን አታጥቁሩ፣ ግሬም ኦብሪ ሚባለው ስኮትላንዳዊ በፈረንጆች 1993 ኖርዌይ ሃማር ላይ የአንድ ሰዓት ሪከርድ በ51.596 ኪሎሜትር የሰበረው ራሱ በሰራት ሳይክል ነው፣ ውስጧ ያለው ኩሽኔታ ደሞ ከልብስ ማጠቢያ ማሽን የወጣ ነበር።

ሶስተኛው፣ ሰፈር ሁሉ ሚያደርገው፣ ፍሪዊሉን ማስበየድ ነው። በያጁ ችግር የለም ይላችኋል፣ ሁሌም ችግር የለም ነው ሚለው። ችግሩ ግን አለ። ፍሪዊሉ ከሞዞው ጋር ሚያያዘው በቀኝ ፊሌቶ ነው፣ ተበየደም አልተበየደም ወደ ኋላ ስትገፉት ተፈቶ ሊወጣ ይችላል፣ ተቃራኒ ሎክሪንግ የለውማ። የብየዳው ሙቀት ደሞ የጥርሱን ብረት ያበላሸዋል። የድሮ ፍሪዊል ሞዞ ላይ የፊክስድ ጥርስ አስገብቶ በሙጫ ማጣበቅም ያው ነው። ግቢ ውስጥ ለመማር ካልሆነ መኪና ያለበት መንገድ ላይ ይዛችሁ እንዳትወጡ።

ጥርሱን ስታስሩ ፊሌቶውን በደንብ ጠርጋችሁ ግራሶ ቀቡት፣ በእጅ አስገቡት፣ በትንሹ እንኳን ከተጣመመ አውጡና እንደገና ጀምሩ። ለማጥበቅ ልዩ መሳሪያ ከሌላችሁ አሮጌ ካቴና ይበቃል። ፍሬሙን ገልብጣችሁ ጎማውን ቦታው ላይ አስቀምጡ፣ የካቴናውን አንድ ጫፍ ጥርሱ ላይ ጠምጥሙ፣ ሌላውን ፔዳሉ ሚዞርበት ቱቦ ላይ በጨርቅ አድርጋችሁ እሰሩት፣ ከዛ ጎማውን ወደ ኋላ አቅጣጫ በጉልበት አዙሩት። ካቴናው ጥርሱን ስለያዘው ሞዞው ውስጡ ይጠብቃል። ቀጥሎ ሎክሪንጉን በራሱ ቁልፍ እሰሩ፣ በመዶሻና በካቻቪቴ እየቀጠቀጡ ማሰር ቀለበቱን ይጨርሰዋል፣ ቁልፉ ርካሽ ነው ግዙት። ከዛ ሳይክሉ ላይ ቁሙና አጭር ዳገት ረግጣችሁ ውጡ፣ ጥርሱ ትንሽ ተጨማሪ ይጠብቃል፣ ተመልሳችሁ ሎክሪንጉን ድገሙት። መጨረሻ ላይ ከእህታችሁ የጥፍር ቀለም ተዋሱና ከጥርሱ እስከ ሎክሪንጉ ድረስ አንድ ቀጭን መስመር አስምሩ። ከመውጣታችሁ በፊት እሷን ታያላችሁ፣ መስመሯ ከተሰበረች የሆነ ነገር ዞሯል፣ ያን ቀን አትወጡም።

3. ጥርስ መምረጥ

ሂሳቡ ቀላል ነው፣ የፊት ጥርስ ለኋላ ጥርስ ሲካፈል፣ ከዛ በጎማው ዙሪያ ሲባዛ። 700 በ23 ጎማ ዙሪያው 2.1 ሜትር ገደማ ነው። በደቂቃ 90 ዙር ከረገጣችሁ፦

46 በ18፣ በሰዓት 29 ኪሎሜትር
48 በ18፣ በሰዓት 30
48 በ17፣ በሰዓት 32
48 በ16፣ በሰዓት 34
50 በ15፣ ወደ 38
52 በ14፣ በሰዓት 42

የመጨረሻው 52 በ14 ቤልጅጋዊው ሳይክለኛ ኤዲ መርክስ በፈረንጆች 1972 ሜክሲኮ ሲቲ ላይ በአንድ ሰዓት 49.431 ኪሎሜትር ሲነዳ የተጠቀመው ነው። ያ ማለት ሰውዬው አንድ ሰዓት ሙሉ በደቂቃ ከ100 ዙር በላይ ረገጠ ማለት ነው። እንግዲ ሚያስቡት ያስቡበት።

ሜክሲኮ ድረስ የሄደው ከፍታውን ፈልጎ ነው፣ እዛ አየሩ ስስ ነው፣ ሜዳ ላይ ደሞ የሳይክል ዋናው ጠላት አየር ነው። የኛ አዲስ አበባ 2,355 ሜትር ላይ ናት፣ ከሜክሲኮ ሲቲም ትበልጣለች፣ አየራችን ከባህር ጠለል ጋር ሲነፃፀር በጥግግት አንድ አምስተኛ ገደማ ይቀንሳል። ደስ ሲል! ግን ኦክስጅኑም በዛው ልክ ነው የቀነሰው፣ እና ሰው ሁሉ ሚሸወደው እዚ ላይ ነው። ሜዳ ላይ ከኋላ ትንሽ ንፋስ ሲኖር 50 በ15 ቀላል ይመስላል፣ ሳይክሉ ራሱ ይሄዳል፣ ከዛ ከለገጣፎ ወጣ እንዳላችሁ አንዲት ረጅም ዳገት ቢጤ ትመጣለች፣ ቁልቁል ከመኪና መስኮት ብታዩዋት ዳገት ናት አትሉም፣ እሷ ላይ ዙራችሁ 60 ይገባል፣ ጉልበት ይንቀጠቀጣል፣ ሳንባ ይቃጠላል፣ አንዴ ኦክስጅን ከተበደራችሁ ደሞ በዚ ከፍታ ላይ ቶሎ አይከፈልም። ስለዚ ጥርስ ሚመረጠው ለምርጧ ኪሎሜትር አይደለም፣ ለመጥፎዋ ነው።

እኔ ምመክረው መጀመሪያ 48 በ18 ነው፣ የእንግሊዞቹ 72 ኢንች ራሱ ማለት ነው፣ የፊቱን ሳትነኩ የኋላ 17 እና 16 ቀስ እያላችሁ ግዙ። ከመግዛታችሁ በፊት በጊሩ ሳይክላችሁ መሞከር ይቻላል፦ ተቀራራቢ ጊር ላይ አድርጉና መቀየሪያውን በፕላስተር እሰሩት፣ መንገዱን ሄዳችሁ ተመለሱ። ፕላስተሩን ልትገነጥሉ የተመኛችሁበት ቦታ ካለ ጊሩ ከብዷል ወይ ቀሏል። በአማካይ ከ90 እስከ 95 ዙር ሚሰጣችሁ ከሆነ እሱን ያዙ።

ሰው ብዙ የማያወራው አንድ ነገር፣ 48 በ16 ልክ 3 ስለሚሆን እግራችሁ አንድ ቦታ ላይ ሲሆን ጎማውም ሁሌ አንድ ቦታ ላይ ነው። የኋላ ጎማ እየጎተታችሁ ምታቆሙ ከሆነ ያቺን አንድ ቦታ ትበሏታላችሁ፣ ጎማው ሌላው ሁሉ አዲስ ሆኖ እዛች ጋር ሸራው ይወጣል። 17 ግን 48ን ስለማያካፍል 17 የተለያየ ቦታ ላይ ይከፋፈላል።

4. ክራንክና ካቴና

የድሮ ኮርስ ክራንክ (ፔዳሎቹ ሚታሰሩበት ክንድ) ሁለት የፊት ጥርስ አለው። ትልቁን አውጡና 48ቱን በውስጠኛው ቦታ እሰሩት፣ አጠር ያሉ ብሎኖች ያስፈልጋሉ። ከፍሬሙ መሀል እስከ ጥርሱ መሀል 42 ሚሊ አካባቢ ከሆነ ከኋላው ጥርስ ጋር ቀጥ ይላል። ከኋላ ቆማችሁ አንድ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በካቴናው ላይ እዩ፣ ከተጣመመ ይጮሃል፣ ሊወልቅም ይችላል፣ ፊክስድ ላይ ካቴና ወለቀ ማለት ደሞ ጎማችሁ ተቆለፈ ማለት ሊሆን ይችላል።

የክራንኩ ርዝመት 165 ሚሊ ቢሆን ይመረጣል። ኩርባ ላይ መርገጥ ማቆም ስለማትችሉ ረጅም ክራንክ ፔዳሉን አስፋልት ያስነካዋል፣ የኮርስ ፍሬም ደሞ ከትራክ ፍሬም ወደ መሬት ይቀርባል። 170 ካላችሁ ይሄዳል፣ ኩርባውን ግን ቀስ።

ካቴናው አዲስ ይሁን፣ እዚ ላይ አትቆጥቡ። ውጥረቱ መሀል ላይ በጣት ስትገፉት ወደ ላይና ወደ ታች አንድ ሳንቲሜትር ያህል ሚንቀሳቀስ ነው። ፔዳሉን እያዞራችሁ ፈትሹ፣ አንድ ቦታ ላይ ይጠብቅና ሌላ ቦታ ላይ ይላላል፣ ምትለኩት በጠበቀው ቦታ ነው። ልዩነቱ ከበዛ የፊት ጥርሱን ብሎኖች ትንሽ ላላ አድርጉና ካቴናው በጠበቀበት ቦታ ላይ በእንጨት ቀስ ብላችሁ ምቱት፣ መሀሉን ያገኛል፣ ከዛ መልሳችሁ እሰሩ። ጎማውን ምታስሩት በዳዶ ነው፣ ፈጣን መፍቻ ያለውን አክስ ተዉት።

ከምንም በላይ ደሞ ይሄን ስሙኝ፦ ጎማው እየዞረ ካቴናውን በጨርቅ አትጥረጉ። ፍሪዊል ያለው ሳይክል ጣት ሲገባበት ይቆማል፣ ይሄ አይቆምም፣ ጨርቁን ይዞ ጣታችሁን ጥርሱ ውስጥ ያስገባል። ጣት የሚቆርጥ ነገር ነው፣ ቀልድ አይደለም። ህፃናት ያሉበት ግቢ ከሆነ ገልብጣችሁ ጥላችሁት አትግቡ። የሱሪ ጫፍና የጫማ ክርም እንደዛው፣ ክሩን ወደ ውስጥ፣ ሱሪውን በካልሲ።

5. ፍሬን

የፊት ፍሬን ይኑራችሁ። አለቀ። በእግር ብቻ ነው ማቆመው ሚል ጎረምሳ ታገኛላችሁ፣ ሲኖትራክ ከፊቱ ሲታጠፍ እስካሁን አላየም ማለት ነው። ደረቅ አስፋልት ላይ ሳይክል ሚያቆመው የፊት ጎማ ነው፣ የኋላውን ብትቆልፉትም ይንሸራተታል እንጂ በቶሎ አይቆምም። የፍሬኑን ገመድ አዲስ አድርጉ፣ ያረጀ የፍሬን ጫማ ጎማው እንደ ድንጋይ ስለሚደርቅ እሱንም ቀይሩ።

6. መሪና አቀማመጥ

የክሮኖ መሪ መግዛት አያስፈልግም። የድሮውን ጎባጣ የኮርስ መሪ ገልብጡት፣ የታጠፈውን ጫፍ በሴጌቶ ቁረጡ፣ ጫፉን በሞረድ አለስልሱ፣ እንደ በሬ ቀንድ ወደ ፊት የወጣ መሪ ይሆናል። ጫፎቹ ላይ ቡሽ ወይም ላስቲክ መድፈን ግዴታ ነው፣ ክፍት ቱቦ ሲወድቁበት ይበሳል። ክርን ማስደገፊያ ያላቸው ረጅም ዘንጎች ካገኛችሁ መሀሉ ላይ ይታሰራሉ፣ ግን እነሱ ላይ ስትተኙ እጃችሁ ከፍሬን ይርቃል፣ ስለዚ ከፊት ያለው መንገድ ባዶ ሲሆን ብቻ። አህያ፣ ባጃጅ፣ የተማሪ ቡድን፣ የቆመ ሚኒባስ ካያችሁ ተነሱና ፍሬኑን ያዙ፣ የቆመ ሚኒባስ በሩን መቼ እንደሚከፍት እሱም አያውቅም።

የኮርቻው ቁመት፣ ተረከዛችሁን ፔዳል ላይ አድርጋችሁ እግራችሁ ቀጥ ሚልበት ነው፣ ለፊክስድ ከዛ ሁለት ሶስት ሚሊ ዝቅ አድርጉት ምክንያቱም ቁልቁለት ላይ በፍጥነት ሲዞር ከፍ ያለ ኮርቻ ላይ ዳሌያችሁ ይዘላል። መሪውን መጀመሪያ ቀን መሬት አታስነኩት፣ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ዝቅ በሉ። ጀርባ ዝቅ ሲል አየር ይቀንሳል ግን ሆድ ታጥፎ መተንፈስ ካቃታችሁ ያተረፋችሁት የለም፣ እኛ ደሞ ትንፋሽ ሚተርፈን ከፍታ ላይ አይደለንም።

እግር ከፔዳል ጋር መያያዝ አለበት፣ ቀበቶም ይሁን ክሊፕ። በ48 በ17 በሰዓት 50 ስትወርዱ እግራችሁ በደቂቃ 140 ዙር ነው፣ አንዴ ካመለጣችሁ ፔዳሉ ቁርጭምጭሚታችሁን እየመታ ነው ሚጠብቃችሁ።

7. ጎማ

25 ወይም 28 ሚሊ። 23 መንገዱ ላይ ካለው ጠጠርና ጉድጓድ ጋር አይስማማም። የሰፈር ጎሚስታ ቱቦ ቀጭኗን ቫልቭ አይነፋም፣ ትንሿ የነሃስ አስማሚ ያስፈልጋችኋል፣ ሁለት ገዝታችሁ አንዷን ቁልፍ መያዣችሁ ላይ እሰሩ። ደሞ ኮምፕረሰሩ ለከባድ መኪና ነው፣ ልጁ ተፍ ሲያደርገው ካላማዳሪያችሁ ይፈነዳል፣ ጥቂት ጥቂት እንዲነፋ ንገሩት ወይ የራሳችሁን ፓምፕ ያዙ። ከተቃጠለ ጎማ ሚወጣ ቀጭን ሽቦ አስፋልት ዳር ሞልቷል፣ ስትወጡ ካላማዳሪና 15 ቁጥር ቁልፍ ኪስ ውስጥ፣ ቁልፉን ከረሳችሁ የኋላ ጎማ አይወጣም፣ ለገጣፎ ድረስ በእግር ነው።

8. መጀመሪያ መንዳት

መኪና የሌለበት ሰፊ ቦታ ፈልጉ። መንገድ ለሰው ሚደረግበት እሁድ ጥሩ ነው፣ ካልሆነ የኮዬ ፈጬ ወይም የአያት ኮንዶሚኒየም አካባቢ ጠዋት ባዶ የሆኑ ሰፋፊ መንገዶች አሉ። መጀመሪያ ሚከብደው መጀመር ሳይሆን ማቆም ነው፣ አንጎላችሁ ስትደክሙ እግሬን ላሳርፍ ይላል፣ ባሳረፋችሁበት ቅፅበት ሳይክሉ ከኮርቻው ሊያነሳችሁ ይሞክራል። ስለዚ ቀስ ብላችሁ ንዱ፣ ፔዳሉን ሳትቃወሙ አብራችሁት ዙሩ፣ ከዛ በትንሹ ወደ ኋላ ግፉት፣ ፍጥነቱ ሲቀንስ ይሰማችኋል። የፊት ፍሬንና የኋላ ግፊት አንድ ላይ እስኪመጡላችሁ ድረስ ዋና መንገድ አትውጡ።

ለመነሳት የኋላውን ጎማ ትንሽ አንስታችሁ ፔዳሉን ከላይ ትንሽ ወደ ፊት ባለ ቦታ ላይ አድርጉት፣ ዝም ብላችሁ ወደ ኋላ ማዞር እንደማትችሉ አስታውሱ። ውሻ ከመጣ እግር ማውጣት የለም፣ ቀጥ ብላችሁ ርገጡ ወይ ቁሙና ሳይክሉን በመሀል አድርጉ፣ ብዙዎቹ ቆሞ ሚያያቸው ሰው አይወዱም።

9. መንገድና ሰዓት

ምርጫዬ ለገጣፎ ሰንዳፋ መስመር ነው። ሰንዳፋ ወደ 2,500 ሜትር ላይ ናት፣ ሯጮች ሚለማመዱበት አገር ነው፣ መንገዱ ሰፋ ያለ ሜዳ አለው። ሱሉልታም ሜዳው ደስ ይላል ግን እንጦጦን ተሻግራችሁ ነው ምትገቡት፣ ስትመለሱ ወደ አዲሱ ገበያ ያለውን ቁልቁለት በፊክስድ አትውረዱት፣ ሳይክሉን ሚኒባስ ላይ ጫኑት ወይ በእግር ግፉት፣ ሚያፍር ሰው ካለ ይፈር። የድሮው የደብረ ዘይት መንገድ በገላን ዱከም በኩል ከባድ መኪና ይበዛዋል፣ ፈጣን መንገዱ ደሞ ለሳይክል አልተፈቀደም።

ሰዓቱ ጠዋት 12 ተኩል አካባቢ፣ ጎህ በደንብ ከቀደደ በኋላ፣ ከዛ በፊት ጅብ ከሌሊት ስራው እየተመለሰ ነው። ረፋድ ላይ ንፋስ ይነሳል፣ በበጋ በተለይ ከምስራቅ ስለሚመጣ ወደ ሰንዳፋ ስትሄዱ ፊት ለፊት ነው። ክረምት ላይ ሐምሌና ነሐሴ ጭቃ አስፋልቱ ላይ ስለሚወጣ ፊክስዱን ስቀሉት።

መለኪያ መንገድ ስትመርጡ ሄዶ መመለሻ ይሁን፣ 5 ኪሎሜትር ሂዱና 5 ተመለሱ፣ ንፋሱም ዳገቱም በመጠኑ ይካካሳል። መነሻችሁ ሁሌ አንድ ምልክት ይሁን፣ የኪሎሜትር ድንጋይ ወይም የሆነ ድልድይ። መታጠፊያችሁ ግን መንገድ መሀል እንዳይሆን፣ ሰፊ ዳር ያለበት ቦታ ቀንሳችሁ ከኋላም ከፊትም አይታችሁ ዙሩ፣ ሁለት ሰከንድ ለመቆጠብ ብሎ አይሱዙ ፊት ሚታጠፍ ሰው ክሮኖ አልገባውም። ጓደኛ ካለ ኮርቻውን ይዞ ያስነሳችሁ፣ በየሁለት ደቂቃው አንድ አንድ ሰው ልቀቁ፣ የደረሳችሁበትን ሰው ጎማ ግን ተከትላችሁ አትንዱ፣ አልፋችሁት ሂዱ።

የመጀመሪያዎቹን ሶስት ደቂቃዎች ማውራት በምትችሉበት ጉልበት ንዱ። እውነት ነው ምላችሁ፣ ቀላል ነው እያላችሁ የምትበሳጩበት መሆን አለበት። ከዛ ጨምሩ። ንፋስ ፊት ለፊት ሲሆንና ዳገት ላይ ጉልበት አውጡ፣ በንፋስ ጀርባ ላይ ሆናችሁ ስትመለሱ ደሞ ዙሩን ለስልሱ፣ ፊክስድ ላይ ማረፊያ ያለው እዛ ላይ ብቻ ነው፣ እሱም እየረገጣችሁ።

ሰዓቱን ስትጽፉ ጥርሱን፣ የንፋሱን አቅጣጫና አስፋልቱ ደረቅ ይሁን እርጥብ አብራችሁ ጻፉ፣ ያለዛ ቁጥሩ ምንም አይነግራችሁም። መጨረሻው ኪሎሜትር ላይ ዙራችሁ ከ100 በላይ እየወጣ ትንፋሽ ከተረፋችሁ በሚቀጥለው አንድ ጥርስ ቀንሱ፣ 18 የነበረው 17። ወደ 80 ከወረደ ግን መልሱት፣ ጓደኛችሁ በ16 ነው ሚነዳው አላችሁ አላላችሁ።